ውሰት፣ ደቦ ወይስ ድረሱልኝ? መደበኛ ጦር የልዩ ዘመቻ አዛዥን የሚደግፍባቸው መንገዶች ሲነጻጸሩ

ባለፈው ጥምቀት የእህቴ ልጅ ከማሠልጠኛ ፈቃድ አግኝቶ ጎንደር መጥቶ ነበር። አዘዞ እኛ ቤት፣ ቡናው ገና አቦል ላይ እንዳለ፣ ከቦርሳው ደብተር አወጣና «ጋሼ፣ እርስዎ ስንቅና ትጥቅ ላይ ዕድሜዎን ጨርሰዋል፤ እስቲ ይሄን ይንገሩኝ» አለኝ። የተሰጠው የቤት ሥራ አጭር ነው፦ አንድ የመደበኛ ሠራዊት ክፍል የልዩ ዘመቻ አዛዥን እንዲደግፍ ቢታዘዝ በምን ዓይነት የዕዝ ግንኙነት ቢሰለፍ ይሻላል? ደብተሩ ላይ «በዕዝ ሥር»፣ «በቁጥጥር ሥር»፣ «ቀጥተኛ ድጋፍ»፣ «አጠቃላይ ድጋፍ» የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል። ልጁ ሸምድዷቸዋል፤ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ ግን አልገባውም።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝና በገበሬ ቋንቋ ነገርኩት። በሬ ማዋስ አለ። ደቦ መውጣት አለ። አጥር ለአጥር ሆኖ የየራስን ማሳ ማረስ አለ። ጎርፍ ሲመጣ «ድረሱልኝ!» ብሎ መጮህ አለ። ከልጅነቱ እዚያው ያደገ የቤት ልጅም አለ። ሁሉም መረዳዳት ነው፤ ግን በሬውን ያዋሰ ሰውና ደቦ የወጣ ሰው ማታ ሲገናኙ የሚያነሱት ጣጣ የተለያየ ነው። ያን ቀን በቃል ያልኩትን ሰፋ አድርጌ ጻፍኩት።

አንድ ነገር ላጥራ። በኛ አገር «ልዩ ኃይል» ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስበው የክልሎቹን የቀድሞ ልዩ ኃይሎች ነው። የማወራው ስለነሱም ስለ ዛሬው የአገራችን ሁኔታም አይደለም። በጥቂት ሰው ከጠላት ጀርባ የሚገባውን፣ ታጋች የሚያስለቅቀውን፣ የአካባቢ ታጣቂ የሚያሠለጥነውን፣ በተለምዶ ኮማንዶ የምንለውን ዓይነት ኃይል ነው። ምሳሌዎቼ ሁሉ ከታሪክ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከሩቅ፣ አንዱ ከደጃችን።

መጀመሪያ ነገር፣ ምን ይጎድላቸዋል?

ስለ ኮማንዶ ሲነሳ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ከሄሊኮፕተር በገመድ የሚወርደው ነው። የስንቅና ትጥቅ ሰው ግን ሒሳብ ይሠራል። የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች መሠረታዊ ቡድን 12 ሰው ነው። እነዚህ 12 ሰዎች አንድ መንደር ጥግ ሠፈሩ እንበል። ሁለት የጥበቃ ማማ፣ አንድ በር፣ አንድ ሬዲዮ፤ አራት ቦታ ሌትና ቀን ሰው ይፈልጋል። በቀን 96 ሰዓት ጥበቃ ማለት ነው። ለ12 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስምንት ሰዓት ይደርሰዋል። ስምንት ሰዓት ይተኛ። በቀረው ስምንት ሰዓት ያበስላል፣ መኪና ይጠግናል፣ ባትሪ ይሞላል፣ ሪፖርት ይጽፋል። ስንት ዓመት የሠለጠነበትን ሥራ መቼ ሊሠራው ነው? በር ላይ ቆሞ ቀረ።

ስለዚህ ድጋፍ ሲባል መድፍና ጄት ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። የመጀመሪያው ድጋፍ ዘበኛ ነው። ከዚያ ውኃ፣ ነዳጅ፣ ጄኔሬተር፣ ቁስለኛ የሚያነሳ፣ ድልድይና መንገድ የሚጠግን መሐንዲስ፣ ምርኮኛ የሚረከብ ሰው ይመጣል። መድፉና አውሮፕላኑ ከዚህ ሁሉ ጋር ነው የሚቆጠረው። አንድ ደግሞ የሚረሳ አለ፤ ኮማንዶ ቦታ ይይዛል እንጂ ይዞ አይቆይም። የያዘውን ተረክቦ የሚቆይለት እግረኛ ከሌለ ጠላት በማግስቱ ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል።

መደበኛ ጦር ይህ ሁሉ አለው። ጥያቄው በምን ውል ይሰጠዋል ነው።

ውሰት

በሬ ስታውስ በሬው ለዚያ ቀን የተዋሰው ሰው ነው። የት እንደሚያርስ፣ መቼ እንደሚፈታ የሚወስነው እሱ ነው። በጦር ቋንቋ፣ የመደበኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ በልዩ ዘመቻ አዛዡ ሥር ይገባል፤ ግዳጅ የሚቀበለው ከሱ ነው፣ ሪፖርት የሚያደርገውም ለሱ ነው።

ጥሩ ምሳሌ ሰሜን ኢራቅ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2003። የአሜሪካ ዕቅድ አንድ ከባድ ክፍለ ጦር በቱርክ በኩል ማስገባት ነበር። የቱርክ ፓርላማ አልፈቀደም። ሰሜኑ ግንባር ከኩርድ ታጣቂዎች ጋር ለሚሠራ የልዩ ኃይሎች ግብረ ኃይል ቀረ። ከሱ ሥር እንዲሆን የተላከው 173ኛው አየር ወለድ ብርጌድ ነው፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ሌሊት ወደ 1,000 የሚጠጋ ወታደር ባሹር የተባለ ሜዳ ላይ በጃንጥላ ወረደ። ልብ በሉ፣ የልዩ ዘመቻው አዛዥ ኮሎኔል ነው፣ የብርጌዱ አዛዥም ኮሎኔል ነው። ማዕረግ እኩል ሆኖ አንዱ በሌላው ሥር መግባት በየትኛውም ጦር ቀላል ነገር አይደለም። የኛ ሰው ቢሆን ስንት ሽማግሌ ይፈልግ እንደነበር አስቡት። እነሱ ዘንድ የሠራው ከላይ የመጣው ትዕዛዝ ሁለት ትርጉም ስላልነበረው ነው።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ኤም-1 ታንኮች በትልልቅ የጭነት አውሮፕላን ወደዚያው ሜዳ ተጓጓዙ። እኔ ዜናውን ስሰማ ያሰብኩት ስለ ታንኩ መድፍ አይደለም። የአንዱ ታንክ ጋን 1,900 ሊትር ገደማ ነዳጅ ይይዛል። በሬ ያዋሰህ ሰው ገለባውን አብሮ ካልላከ፣ ገለባው ያንተ ዕዳ ነው። የልዩ ዘመቻ ዕዝ ደግሞ በተፈጥሮው ገለባ የለውም፤ ቀላል፣ ፈጣን፣ በትንሽ ስንቅ የሚኖር ድርጅት ነው። ስለዚህ ታንክ በውሰት የሚቀበል አዛዥ ከታንኩ ጋር መካኒኩን፣ ቦቴውንና መለዋወጫውን አብሮ ካልጠየቀ የተቀበለው ቆሞ የሚቀር ብረት ነው።

ሌላው የውሰት ዓይነት መበተን ነው። እ.ኤ.አ. 2011 አፍጋኒስታን ውስጥ አንድ የአሜሪካ እግረኛ ሻለቃ፣ የ16ኛው እግረኛ ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ፣ በየመንደሩ ለተቀመጡት የልዩ ኃይል ቡድኖች በጓድ በጓድ ተከፋፍሎ ተሰጠ። ያ የጥበቃ ሒሳብ ወዲያው ተፈታ፤ ዘጠኝ እግረኛ ሲጨመር 12ቱ ከሽማግሌዎች ጋር የሚቀመጡበት ሰዓት አገኙ። ዋጋውን ግን ከሻለቃው በኩል ሆናችሁ እዩት። የሻለቃ አዛዡ ሻለቃ የለውም፤ የተበተኑ ጓዶች ስም ዝርዝር ነው የያዘው። እስከ ትናንት መቶ አለቃው አጠገቡ የነበረ የጓድ መሪ ሃምሳ አለቃ አሁን ብቻውን ተራራ ሥር ነው፤ አብረውት ያሉት በዕድሜም በልምድም የሚበልጡት ናቸው። ፈቃዱን ማን ይሰጣል? ሲያጠፋ ማን ይቀጣዋል? ጫማው ሲቀደድ የማን መጋዘን ነው የሚያወጣለት?

ውሰትን የምመርጠው ሥራው ወራት የሚወስድ ሲሆን፣ ቦታው አንድ ሲሆን፣ የሚሰጠው ክፍል ደግሞ ተቀባዩ ሊቀልበው የሚችል መጠን ሲኖረው ነው። ለአንድ ሌሊት ሥራ ውሰት አይሆንም፤ በሬው ቀንበሩን ሳይለምድ ይነጋል።

ደቦ

ደቦ የወጣ ሰው የራሱ ጌታ ነው። ሞፈሩም ቀንበሩም የሱ ነው፣ ሲመሽም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግን ለዚያ ቀን ቅድሚያው የባለ ማሳው ነው፤ «የቱን ልረስ?» ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። ቀጥተኛ ድጋፍ የሚሉት ይህ ነው። ዕዙ አይለወጥም፣ ቅድሚያው ይለወጣል።

እ.ኤ.አ. 2001 መኸር ላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኪቲ ሆክ የተባለችውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አብዛኞቹን ጄቶቿን አራግፋ ለልዩ ዘመቻ ሄሊኮፕተሮች ተንሳፋፊ ሠፈር እንድትሆን ወደ አረብ ባሕር ላከ። የመርከቡ አዛዥ አሁንም የመርከቡ አዛዥ ነው፤ ወጥ ቤቱም ሞተሩም ሐኪሙም የባሕር ኃይል ነው። መድረኩ ላይ ማን ይነሳል፣ ማን ያርፋል የሚለው ግን በኮማንዶዎቹ ፍላጎት ይወሰናል። በዚያው ወቅት በሰሜን አፍጋኒስታን ተራሮች በፈረስ የሚሄዱ ጥቂት የልዩ ኃይል ሰዎች ቢ-52 ቦምብ ጣይ እየጠሩ ማዛር ኢ ሸሪፍ እንድትያዝ አድርገዋል። አብራሪዎቹ ከአየር ኃይል ሥር አልወጡም፤ ቦምቡ የት እንደሚወድቅ ግን ከመሬት የሚነግራቸው ባለ ፈረሱ ነበር።

የደቦ ጥቅሙ ለተቀባዩ ቅለት ነው። አይቀልብም፣ አይጠግንም፣ አይቀጣም። ለአውሮፕላን፣ ለመድፍ፣ ለትራንስፖርት፣ ለሕክምና ከዚህ የሚሻል ውል አላውቅም።

ጉዳቱን ግን በራሴ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት በአንድ ልምምድ አራት ኦራል ነዳጅና ውኃ ጭኜ አንድ የኮማንዶ ክፍልን እንድደግፍ ታዘዝኩ። ወረቀቱ ላይ «ድጋፍ እንዲሰጥ» ከሚል ሌላ ቃል የለም። እስከ መቼ አይልም፣ ማን ያዘዋል አይልም። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ መኪኖቹ ሞተር አሙቀው፣ ሾፌሮቹ ጋቢና ውስጥ ሆነው፣ የራሴ አለቃ በሬዲዮ ጠራኝ፦ «ሁለቱን ኦራል አሁኑኑ መልስ፣ ሌላ ቦታ ይፈለጋሉ።» ገና መልስ ሳልሰጥ የኮማንዶው አዛዥ ከጎኔ መጥቶ «አንድም መኪና ንቅንቅ አይልም፤ ሌሊት እንነሳለን» አለኝ። አንድ እጄ ላይ የራሴ ክፍል ሬዲዮ፣ ሌላው ላይ የነሱ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ሊከሱኝ ይችላሉ። ያደረግኩትን ልናገር፤ ምንም አላደረግኩም። ሞተር አስጠፋሁና አራቱም ኦራሎች እዚያው አደሩ። ኮማንዶዎቹ በእግራቸው ሄዱ፤ አለቃዬ ደግሞ ሦስት ወር አላነጋገረኝም። ልምምድ ስለሆነ ሰው አልሞተም።

ከዚያ ወዲህ የደቦ ወረቀት ሲመጣልኝ ሦስት ነገር ሳይጻፍበት አልፈርምም፦ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ሁለት ጥያቄ ቢጋጭ ቅድሚያው የማን፣ መልሶ የሚወስድ ካለ ከስንት ሰዓት በፊት ያስታውቃል።

አጥር ለአጥር

ይህ ከሁሉም ርካሹ ውል ነው፤ እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ ከደጃችን እናየዋለን። ማንም ከማንም ሥር አይገባም። አንዱ በዚያ ሌላው በዚህ ያርሳል፤ የአንዱ ሥራ ግን የሌላውን ያቀላል።

በ1933 ዓ.ም ከጣልያን ጋር በተደረገው የነጻነት ዘመቻ ሁለት ትልልቅ የእንግሊዝ መደበኛ ጦሮች ነበሩ። አንዱ በጄኔራል ፕላት መሪነት ከሱዳን ወደ ኤርትራ ገብቶ መጋቢት 18 ከረንን ያዘ፤ ሌላው በጄኔራል ካኒንግሃም መሪነት ከኬንያ ተነሥቶ መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። በመሃል ጎጃም ላይ ደግሞ ትንሹ የጌዲዮን ጦር ነበር፤ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ወታደሮች፣ ጥቂት እንግሊዛውያን መኮንኖች፣ በዊንጌት መሪነት። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ ይህ ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ገፋ። ጎጃም ውስጥ የነበረው የጣልያን ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጠው ነበር፤ ነገር ግን በየምሽጉ ታስሮ ነበርና ከረንን መርዳት አልቻለም። ጣልያን ከረን ላይ ስለተጠመደ ደግሞ ጎጃም ዕርዳታ አላገኘም። ሁለቱ ሳይገናኙ ተረዳዱ።

እዚህ ላይ ግን መደበኛው ጦር የነፈገውም መነገር አለበት። ለጌዲዮን ጦር በቂ መኪናም በቂ አውሮፕላንም አልተሰጠውም። ስንቁ ከሱዳን ቆላ በግመል ተጫነ። ግመል ደጋ ሲወጣ ምን እንደሚሆን መተማ ገበያ ላይ የቆመ ልጅ ይነግራችሁ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች በዳገቱ፣ በብርዱና በመኖ እጦት መንገድ ላይ አለቁ። ሌላም ችግር ነበር። ከዊንጌት በፊት፣ በነሐሴ 1932፣ ሚሽን 101 የተባለውን ቡድን ይዞ ጎጃም የገባው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ነው። ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ማን ማንን ያዛል የሚለው ብዙ ጭቅጭቅ አመጣ። መጨረሻ ላይ ሳንድፎርድ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ፣ ዊንጌት የጦሩ አዛዥ ሆነው ተለዩ። አጥር ለአጥር የምታርሱ ከሆነ አጥሩ የት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ።

ከዚያ ነገሩ ወደ ጎንደር መጣና ተገለበጠ። የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ ወደ 40,000 የሚጠጋ ጦር ይዞ ጎንደር ላይ መሸገ። በሰሜን ወልቀፊት፣ በደቡብ ምሥራቅ ቁልቋል በር ሁለቱ በሮቹ ነበሩ። ወልቀፊት በመስከረም 1934 እጁን ሰጠ። ቁልቋል በር ግን አስቸገረ። ኅዳር 4 ቀን የተደረገው ጥቃት ተመለሰ። ኅዳር 12 እንደገና ከብዙ አቅጣጫ ሲመታ ነው የወደቀው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌዶች አሉበት፣ አርበኞችም አሉበት። ኅዳር 18 ጎንደር ተያዘች። እዚህ ዋናው ባለ ማሳ መደበኛው ጦር ነው፤ ደጋፊው አርበኛው ነው። እንደ አሞራው ውብነህ ያሉ የአርማጭሆና የበጌምድር አርበኞች ለዓመታት የያዙት መንገድና የሚያውቁት ገደል ለመደበኛው ጦር መድፍ የማይሰጠውን ሰጠ። ቁልቋል በር ሄዶ መንገዱ በዚያ አንገት ሲያልፍ ያየ ሰው፣ ከጎን የሚወጣበትን ቀጭን መንገድ የሚያውቅ ሰው ስንት እንደሚያወጣ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ፒያሳ ቡና ላይ ይህን ባነሳሁ ቁጥር «ጎንደርን ማን ነጻ አወጣ?» የሚል ክርክር ይነሳል፤ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ክርክሩ አይቀዘቅዝም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋፊና ተደጋፊ ቦታ ተቀያየሩ። ስለዚህ ውሉ ላይ መቼ እንደሚገለበጥ አስቀድሞ ይጻፍ።

የዚህ ውል ድክመት ስንጥቁ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ቶራ ቦራ ላይ ጥቂት አሜሪካውያን ኮማንዶዎችና የአፍጋን ታጣቂዎች ቢን ላደንን ተራራ ላይ ከበቡት። ወደ ፓኪስታን የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ ተጨማሪ የአሜሪካ ወታደር ተጠየቀ፤ አልተላከም። ሰውየውም ሾልኮ ወጣ። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሲያርስ በመሃል የቀረውን ድንበር ማንም የኔ ነው አላለም።

ድረሱልኝ

ፈጥኖ ደራሽ ሁሉም አዛዥ አለኝ የሚለው፣ ሲፈለግ ግን ቶሎ የማይገኝ ነገር ነው። ሞቃዲሾን ያየ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1993፣ በኛ መስከረም 23፣ የአሜሪካ ልዩ ግብረ ኃይል በቀን ብርሃን ሁለት የጎሳ መሪ ረዳቶችን ለመያዝ ወጣ። አንድ ሰዓት ይፈጃል የተባለ ሥራ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሄሊኮፕተር ተመታ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው። ፈጥኖ ደራሽ ነበር፤ የ10ኛው ተራራ ክፍለ ጦር እግረኛ። ግን ልዩ ግብረ ኃይሉ በራሱ መስመር ለብቻው ነው የሚታዘዘው፤ ፈጥኖ ደራሹ በሌላ ጄኔራል ሥር ነው፤ ታንክና ብረት ለበስ ያለው ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ኃይል ሆኖ ሦስተኛ ቦታ ነው። ሻምበሉ መጀመሪያ በጭነት መኪናና በሃምቪ ወጣ፤ መንገድ ላይ ደፈጣ ገጠመውና ተመለሰ። ለኦፕሬሽኑ ከባድ መሣሪያ ቀደም ብሎ ተጠይቆ ነበር፣ አልተፈቀደም። ስለዚህ ሌሊት ላይ አራት የፓኪስታን ታንኮችና ከሃያ በላይ የማሌዥያ ኮንዶር ብረት ለበሶች ተሰባሰቡ። የሦስት አገር ወታደር፣ ሦስት ቋንቋ፣ አብረው ተለማምደው የማያውቁ ሰዎች፣ በጨለማ ወደብ ላይ ካርታ ዘርግተው ማን ይቅደም ብለው ተመካከሩ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ተነሡ፤ ስምንት ሰዓት ገደማ ደረሱ፤ ከውጊያው ቦታ ተጠቃለው የወጡት ሲነጋ ነው። 18 አሜሪካውያን ሞቱ፤ ሁለቱ ከፈጥኖ ደራሹ ናቸው። አንድ የማሌዥያና አንድ የፓኪስታን ወታደርም ሞቱ። የሱማሌው ሕዝብ ሟች ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

ጀግንነቱ ላይ ጥያቄ የለኝም። እነዚያ ኮንዶር ውስጥ የነበሩ ልጆች የማያውቁትን ሰው ሊያወጡ እሳት ውስጥ ገቡ። ጥያቄዬ ከሰዓት በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ያለው ጊዜ የት ሄደ የሚለው ነው። ብረት ለበሱ ከተማው ውስጥ ነበር። የጎደለው ሰውየውን በስሙ የሚያውቅ ስልክ ነው፤ ትናንት አብሮ የተሞከረ ሬዲዮ ነው፤ «ብትጠሩኝ በዚህ መንገድ እመጣለሁ» የተባለበት ወረቀት ነው።

ፈጥኖ ደራሽ የምትመርጡ ከሆነ (መምረጥም ግዴታ ነው፣ ከሌሎቹ ውሎች ሁሉ ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ ለብቻው የሚቆም አይደለም) አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ በሌሊት፣ ከሙሉ ጭነት ጋር ይሞከር። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይጻፍ። ልዩ ዘመቻው ያንን ደቂቃ በራሱ አቅም መቆየት ካልቻለ ፈጥኖ ደራሹ ይቅረብ፤ መቅረብ ካልቻለ ዘመቻው ይቅር።

የቤት ልጅ

አንዳንድ አገር ውሰቱም ደቦውም ሰለቸውና ቋሚ ደጋፊ ክፍል አቋቋመ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ክሽፈት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1980 አሜሪካ ቴህራን ውስጥ የታገቱ ዜጎቿን ለማስለቀቅ ስትሞክር ስምንት ሄሊኮፕተር ከባሕር ኃይል ተበደረች፤ ፈንጂ ለመጥረግ የተሠሩ ናቸው፣ አብራሪዎቹም በአብዛኛው ለሌላ ሥራ የሠለጠኑ ማሪኖች ናቸው። በረሃው ውስጥ ለሥራ የበቁት አምስት ብቻ ሆኑ፤ ቢያንስ ስድስት ያስፈልግ ነበር። ተሰረዘ። ሲመለሱ አንዱ ሄሊኮፕተር ከነዳጅ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ስምንት ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ የራሷን የልዩ ዘመቻ ሄሊኮፕተር ክፍል አሳደገች፤ እ.ኤ.አ. 1987 ደግሞ የልዩ ዘመቻዎች ዕዝ ተቋቋመ።

እንግሊዞች ያው መንገድ ላይ የደረሱት ከድል በኋላ ነው። በኛ አቆጣጠር የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1992፣ ሴራሊዮን ውስጥ የታገቱ ወታደሮቻቸውን ኤስኤኤስ የተባለው ኮማንዷቸው ሲያስለቅቅ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን መንደር የመታው የፓራሹት ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ አንድ ሻምበል ነው። ሰመረ። እ.ኤ.አ. 2006 ያንኑ ሻለቃ መሠረት አድርገው የልዩ ኃይሎች ደጋፊ ክፍል መሠረቱ።

የቤት ልጅ ምን እንደሆነ ጥምቀት ላይ ታዩታላችሁ። ታቦቱ ከፋሲል መዋኛ ሲመለስ ወጣቶቹ ምንጣፉን ከኋላ ጠቅልለው፣ ሮጠው፣ ከፊት ይዘረጋሉ። ካህናቱ እግራቸውን ቆም አያደርጉም፤ ምንጣፍ ሁልጊዜ ፊታቸው አለ። ማንም «አሁን ጠቅልል» አይልም። የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ከዓመት ዓመት አብረው የሠሩ።

ዋጋው ግን ውድ ነው። ምርጥ እግረኛ ከሠራዊቱ ተመርጦ ለአንድ ሥራ ብቻ ይቀመጣል። ትንሽ ሠራዊት ያለው አገር ይህን አልመክረውም፤ ይልቅ አንድ ሻለቃ መርጦ በዓመት ሁለት ጊዜ ከኮማንዶው ጋር ማሠልጠን ይበቃዋል።

እንግዲህ የቱን?

ልጁ የጠበቀው አንድ መልስ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሥራው ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ነው። ለሰዓታት ከሆነ ደቦ፤ ለወራት ከሆነ ውሰት። ቀጥሎ የሚሰጠው ነገር ሰው ነው ወይስ ማሽን? አውሮፕላን፣ መድፍ፣ መርከብ በውሰት ቢሰጥ ተቀባዩ ላይ ሸክም ነው፤ ለደቦ ይሁን። ዘበኛ፣ እግረኛ፣ መሐንዲስ ግን ማን እንደሚያዛቸው ከተምታታ ነገ ሁለት ሬዲዮ ይዘው ይቆማሉ፤ ለውሰት ይሁኑ። ሁለቱ ኃይሎች ሩቅ ለሩቅ ከሆኑና መገናኛው ደካማ ከሆነ ለማስመሰል ከሚጻፍ ዕዝ ይልቅ አጥር ለአጥር ይሻላል፤ ግን ድንበሩ ላይ አንድ ኃላፊ በስሙ ይመደብ። ፈጥኖ ደራሽ በሁሉም ላይ ይጨመር።

ሁሉም ላይ የማይቀር አንድ ሰው አለ፤ አገናኝ መኮንን። ከደጋፊው ወገን ጎበዝ የተባለው ልጅ፣ ሰነፉ አይደለም፣ ሬዲዮውን ይዞ ከልዩ ዘመቻው አዛዥ ድንኳን ውስጥ ይደር። ክፍሎች ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚልኩት ትርፍ የሆነባቸውን ሰው ነው። ያ ሰው የሚያመጣው መልእክትም ትርፍ ሆኖ ይቀራል።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ጻፈና ሁለተኛው ቡና ሳይወርድ ተነሥቶ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። ከአሥር ስምንት አግኝቷል። መምህሩ «ገለባ» የሚለውን ቃል በቀይ ከቦ፣ ከጎኑ «ይህ የመሣሪያ ስም ነው?» ብሎ ጽፎበታል።